አክስለሬተር፣ ሪአክተርና የአባቴ ወፍጮ

ፊዚክስን እኔ አልመረጥኩትም። ይህን የምጽፈው በራሳችን ዲፓርትመንት መጽሔት ላይ ስለሆነ መምህራኖቼ እንዳይቀየሙኝ እሰጋለሁ። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገርና ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ፎርሙ ላይ ፊዚክስን አንደኛ አድርገን የሞላን? እኔ አራተኛ ነበር የሞላሁት። ምድብ የተለጠፈ ቀን ስሜን በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ዝርዝር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጣሁትና በመጨረሻ እዚህ አገኘሁት። ቤተሰብ ጋ ስደውል «ፊዚክስ ደረሰኝ» ማለት ከበደኝ። «የኤሌክትሪክ ነገር ነው የምማረው» አልኩ። ውሸት ነው እንዳትሉኝ፤ ኤሌክትሮማግኔቲዝም አለ አይደል?

አባቴ ግን ቃሌን እንዳለ ወሰደው። ወፍጮ ቤት አለው፤ ከአስፋልቱ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው አጠገብ። እኔ ስወለድ ወፍጮው በናፍጣ ነበር የሚሠራው። መብራት ሲገባ ሞተር ገዝቶ ቀየረው፤ ከዚያ ወዲህ የቤታችን ኑሮ ከመብራት ጋር ታስሮ ቀረ። ገበያ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። በነዚህ ሁለት ቀናት መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ጠፋ ማለት ነው። ሴቶቹ እህላቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ወደ ማታ አህያቸው ላይ ይጭኑና ማዶ ወዳለው የናፍጣ ወፍጮ ይሄዳሉ። እንግዲህ ልጁ «የኤሌክትሪክ ነገር» ይማራል ሲባል አባቴ ምን እንደጠበቀ ገምቱት። በስልክ ባወራን ቁጥር መጨረሻ ላይ «እና መቼ ነው የምታስተካክሉልን?» ይለኛል። «የምታስተካክሉልን» ሲል እኔንም ከመብራት ኃይል ሰዎች ጋር ደምሮ ነው።

ለአራተኛ ዓመት ሴሚናር ርዕስ ምረጡ ስንባል ይህ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ጓደኞቼ ሴሚኮንዳክተርና ናኖ ሲሉ እኔ አክስለሬተርን ከኒውክሌር ሪአክተር ጋር አጣምሮ ኃይል ስለማመንጨት መረጥኩ። በኒውክሌር ፊዚክስ ኮርስ ላይ መምህሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰውት ያለፉት ነገር ነው። እኔን የያዘኝ ግን ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ሪአክተር» ነበር ያሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩራኒየም 235 ሲሰነጠቅ በአማካይ 2.5 ያህል ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ በአማካይ አንዷ ሌላ ኒውክለስ ከሰነጠቀች ሰንሰለቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይቀጥላል። ይህን ነው ኬ እኩል ይሆናል 1 የምንለው። ከ1 በታች ከሆነ እሳቱ ይከስማል፤ ከ1 ከበለጠ ይንቀለቀላል። ተራው ሪአክተር ሥራው በሙሉ እዚያች 1 ላይ መቆም ነው። እዚያ ላይ ለመቆም የሚያስችለው ደግሞ ከኒውትሮኖቹ ውስጥ ጥቂቶቹ ዘግይተው መውጣታቸው ነው። ለዩራኒየም 235 የዘገዩት 0.65 ፐርሰንት ብቻ ናቸው። ሁሉም ወዲያው ቢወጡ ኖሮ የትኛውም የመቆጣጠሪያ ዘንግ አይደርስባቸውም ነበር። መላው የኒውክሌር ኢንዱስትሪ በዚህች ከአንድ ፐርሰንት በታች በሆነች ቁጥር ላይ መቀመጡን ሳነብ፣ ላመልጣችሁ አልፈልግም፣ ትንሽ ደነገጥኩ።

የተጣመረው ማሽን ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሪአክተሩ ሆን ተብሎ ጎዶሎ ሆኖ ይሠራል፤ ኬ 0.95 ወይም 0.98 ላይ ይቀመጣል። ብቻውን ቢተዉት ይከስማል። ጉድለቱን የሚሞላው አክስለሬተሩ ነው። ፕሮቶኖችን እስከ 1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ያፈጥንና ከሪአክተሩ መሃል ካለ እርሳስ ጋር ያላትማቸዋል። እንዲህ ያለ ፕሮቶን የእርሳስን ኒውክለስ ሲመታው ልክ ድንጋይ እንደተወረወረበት የማሾ ክምር ይበታትነዋል፤ ከአንድ ፕሮቶን ከ20 እስከ 30 ኒውትሮን ይገኛል። ስፓሌሽን ይባላል። እነዚህ ኒውትሮኖች ጎዶሎውን ሪአክተር ይመግባሉ። አክስለሬተሩ ሲጠፋ ምግቡ ይቋረጥና ሰንሰለቱ ወዲያው ይሞታል። ማብሪያ ማጥፊያው እሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሳይክሎትሮንን ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1939 ኖቤል የተሸለመው ኧርነስት ሎውረንስ፣ በ1950 ገደማ ካሊፎርኒያ ውስጥ በግዙፍ አክስለሬተር ኒውትሮን አምርቶ ፕሉቶኒየም ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ያን ጊዜ አሜሪካኖቹ ዩራኒየም ያልቅብናል ብለው ስለሰጉ ነው። ማዕድኑ በአገራቸው በብዛት ሲገኝ ፕሮጀክቱን ተዉት። ሐሳቡን በ1990ዎቹ ከሞት ያስነሳው ጣሊያናዊው ካርሎ ሩቢያ ነው። ደብልዩና ዜድ ቦዞኖችን ለማግኘት ባበረከተው ሥራ ከሲሞን ቫን ደር ሜር ጋር በ1984 ኖቤል የተሸለመ፣ ከ1989 እስከ 1993 የሰርን ዋና ዳይሬክተር የነበረ ሰው ነው። ማሽኑን «ኢነርጂ አምፕሊፋየር» አለው፤ ኃይል አጉሊ እንበለው። በ1994 ሰርን ውስጥ ከአንድ አክስለሬተር ፕሮቶን ወስደው በጎዶሎ የዩራኒየም ክምር ላይ ሞክረውት፣ ኬ 0.9 አካባቢ ሆኖ የወጣው ሙቀት ከገባው ጨረር ወደ 30 እጥፍ ሆነላቸው። ነዳጁንም ከዩራኒየም ይልቅ ቶሪየም ለማድረግ ነበር ያሰበው። ቶሪየም 232 ኒውትሮን ሲውጥ ቶሪየም 233 ይሆናል፤ ከዚያ ፕሮታክቲኒየም 233፤ ይህኛው 27 ቀን በሚሆን ግማሽ ዕድሜ ወደ ዩራኒየም 233 ይለወጣል፤ እሱ ይነዳል። ቶሪየም በምድር ላይ ከዩራኒየም በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

እኔም ስሌቴን ሠራሁ። በጣም የኮራሁበት ስሌት ስለሆነ ላሳያችሁ። ኬ 0.98 ሲሆን ከውጭ የገባች አንዲት ኒውትሮን በመጨረሻ ስንት ኒውትሮን ትሆናለች? አንደኛ ዓመት ካልኩለስ ላይ የተማርነው ጂኦሜትሪክ ሲሪየስ ነው፦ 1 ሲካፈል ለ0.02፣ 50። አንዷ ከውጭ የመጣችው ናት፤ 49ኙ እዚያው የተወለዱ ናቸው። 49ን ለ2.5 ስናካፍል 19.6 ስንጥቅ። አንድ ፕሮቶን 20 ኒውትሮን ቢሰጥ 392 ስንጥቅ። እያንዳንዱ ስንጥቅ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል፤ ድምሩ 78.4 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት። 1 ገብቶ 78 ወጣ! በ20 ፋንታ 30 ኒውትሮን ብትይዙ ወደ 118 ትደርሳላችሁ፤ ሩቢያ በ1995 ያቀረበው ንድፍም በ12.5 ሜጋ ዋት ጨረር 1500 ሜጋ ዋት ሙቀት፣ ማለትም 120 እጥፍ ነበር የሚለው። አንድ የኖቤል ተሸላሚ ከደረሰበት አካባቢ በእርሳስና በወረቀት መድረስ ያሰክራል። የመጀመሪያው ስላይዴ ላይ በትልቁ «1 ዋት ይገባል፣ 78 ዋት ይወጣል» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬም አይተው «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብለው ፈረሙልኝ።

ለገና ቤት ሄድኩ። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ገና አራት ወሩ ነበር፤ ከተማችን ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ 5150 ሜጋ ዋት ያወራል። የኛ ሰፈር ግን ትራንስፎርመሩ ያው የድሮው ነው፤ ሐሙስ ዕለት ልክ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እኔ ወፍጮ ቤት ውስጥ አባቴን እያገዝኩ ነበር። የወፍጮ ቤት ልጅ ያልሆነ ሰው መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ ሲመጣ ይነሳል ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። ድንጋዩ ሲቆም እህሉ ከሥሩ እንደተያዘ ይቀራል። መብራቱ ሲመጣ በዚያው ካስነሳኸው ሞተሩ ተጨንቆ ይቃጠላል። ስለዚህ ቺንጋውን ታወልቃለህ፣ ድንጋዩን ታላላለህ፣ የታሰረውን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ብቻ ሲጠፋ ነው። በአንድ ዓመት አባቴ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሞተር አስጠቅልሏል።

ድንጋዩን እየጠረግን እያለ ስለ ሴሚናሬ ጠየቀኝ። በቀላሉ ለማስረዳት ሞከርኩ። የጨረር ሕክምና የሚሰጡት ማሽኖች አክስለሬተር እንደሆኑ፣ በአገራችን ሆስፒታሎችም እንዳሉ፣ የኔው ግን ከነዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ነገርኩት።

«እና ይኸ ማሽን መብራት ይሰጣል?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«እሱ ራሱስ በምንድን ነው የሚሠራው?»

«በመብራት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «መብራት ለማምጣት መብራት ይበላል?»

«1 ሲበላ 78 ነው የሚሰጠው» አልኩት። ስላይዴን እያሰብኩ ነበር።

ትንሽ ዝም አለና፣ «1 ያልከውን የለካኸው ከየት ላይ ነው? ከድንጋዩ ነው ከቆጣሪው?» አለኝ።

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም። እሱ ነው ያስረዳኝ። ከአሁኑ ሞተር በፊት አንድ አሮጌ ሞተር ነበረው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ በቀን የሚወጣው ዱቄትም ያው ነው። ቆጣሪው ላይ ግን የአሮጌው ሞተር ሂሳብ ከአዲሱ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። «ድንጋዩ የፈለገውን ይዙር፣ እኔ የምከፍለው ለቆጣሪው ነው» አለኝ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መብራቱ እስከ ማታ አልመጣም ነበርና በስልኬ ባትሪ ብርሃን የእህቴ ደብተር ጀርባ ላይ እንደገና ሠራሁት። ስህተቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ 78 ያልኩት ሙቀት ነው። ከሙቀት ኤሌክትሪክ ስናወጣ ሲሶውን ብንይዝ ጥሩ ነው፤ ይህን የሁለተኛ ዓመት ቴርሞዳይናሚክስ ያስተማሩኝ መምህር ቢያነቡት ያፍሩብኛል። ሁለተኛ፣ 1 ያልኩት ጨረሩን ነው፤ ድንጋዩን ማለት ነው። ቆጣሪውን አልነበረም። አክስለሬተር ከመስመር የሚወስደውን ሁሉ ወደ ጨረር አይለውጥም። 30 ፐርሰንት ለውጦ ይሰጠኛል ብዬ ያዝኩ። ይህም ቸርነት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ፖል ሸረር ኢንስቲትዩት ያለው ትልቁ ሳይክሎትሮን 1.3 ሜጋ ዋት ጨረር ለመስጠት በጠቅላላ ከመስመር 10 ሜጋ ዋት ገደማ ይወስዳል።

ስለዚህ 10 ሜጋ ዋት ጨረር ብንል ከቆጣሪው 33 ሜጋ ዋት ይበላል። ኬ 0.98 ላይ ሪአክተሩ 784 ሜጋ ዋት ሙቀት ይሰጣል፤ ሲሶው 261 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ። 33ቱን ለራሱ መልሰን ስናጎርሰው 228 ይቀረናል። 78 የነበረው እጥፍ 8 ሆነ። ኬን ለጥንቃቄ ብለን 0.95 ላይ ስናወርደው ደግሞ አንዷ የውጭ ኒውትሮን የምታስገኘው ስንጥቅ 7.6 ብቻ ነው፤ ሙቀቱ 304፣ ኤሌክትሪኩ 101 ሜጋ ዋት። ከዚህ ላይ 33ቱ ሲነሳ ሲሶው በገዛ ማሽኑ ተበላ ማለት ነው። እጥፉ 3 ሆነ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ። ሴሚናሩ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ስላይዱ አልቋል። ሴሚናሩ ላይ ኤ ካላገኘሁ ለረዳት መምህርነት የሚጠየቀው ነጥብ አይሞላልኝም። 78 ደግሞ ስህተት ነው ለማለትም ይከብዳል እኮ። የጨረር ኃይልና የሙቀት ኃይል ንጽጽር ብዬ ባስቀምጠው ማንም አይከሰኝም፤ መጻሕፍቱም እንዲሁ ያስቀምጡታል። ስላይዱ ላይ «ዋት ይገባል፣ ዋት ይወጣል» ማለቴ ነው ጥፋቱ። ያንን ሦስት ቃል አጥፍቼ ዝም ማለት እችል ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ሌላ ነገር ነገረኝ። ወፍጮውን አጎቴ ሊገዛው ጠይቋል። «አንተ የምትመለስ ከሆነ አልሸጠውም፤ የማትመለስ ከሆነ ጉልበቴ ሳያልቅ ልሽጠው። እስከ ፋሲካ ንገረኝ» አለኝ። ትምህርቴን ስጨርስ ምን እንደምሆን የጠየቀኝ በዚህ መንገድ መሆኑ ነው። ምንም አልመለስኩለትም።

ካምፓስ እንደተመለስኩ በማግስቱ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩና ደብተሩን ዘረጋሁላቸው። ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እቆጣለሁ ብለው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔም አልፌዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ «ይህን ማን ጠየቀህ?» አሉ። አባቴ ነው ስላቸው ወንበር ሳቡልኝ። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከአንድ መምህር ጋር ያንን ያህል ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲጨርሱ ግን «ስላይድህን ከእንግዲህ እንደ አዲስ ነው የምትሠራው፣ ቀኑ አይራዘምም» አሉኝ። አልተራዘመም።

አዲሱ ጥያቄዬ ይህ ሆነ፦ እንዲህ ውድና በላተኛ ከሆነ፣ ኃይሉን በተራው ሪአክተር ማመንጨት እየተቻለ ይህን ማሽን ማን ይፈልገዋል? መልሱ ከኃይሉ ይልቅ ዝቃጩ ጋ ነው ያለው። ከተራ ሪአክተር የወጣ ነዳጅ አብዛኛው ያው ዩራኒየም ነው፤ ፕሉቶኒየም 1 ፐርሰንት ገደማ አለው፤ ኔፕቱኒየም፣ አሜሪሲየምና ኩሪየም ተደምረው ደግሞ 0.1 ፐርሰንት ቢሆኑ ነው። ነገር ግን ያ ዝቃጭ ለመቶ ሺህ ዓመታትና ከዚያም በላይ የሚያስፈራው በዋናነት በነዚህ ምክንያት ነው። እነዚህን በፈጣን ኒውትሮን ሰንጥቆ ማጥፋት ከተቻለ ጊዜው ወደ ጥቂት መቶ ዓመታት ይወርዳል ነው የሚሉት። እንግዲያው ለምን ተራው ሪአክተር ውስጥ ጨምረው አያነዷቸውም? ቅድም ያልኳት 0.65 ትዝ ትበላችሁ። ለፕሉቶኒየም 239 የዘገዩት ኒውትሮኖች 0.2 ፐርሰንት ብቻ ናቸው፤ ለአሜሪሲየም ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ሪአክተሩን በነዚህ ከሞላኸው መሪው እጅህ ላይ ይቀልልሃል። ጎዶሎው ሪአክተር ግን ድሮም 1 ላይ አይቆምምና በዘገዩት ላይ ያን ያህል አይመካም። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ኃይል ማመንጫ ነው ብለው ሲያስተዋውቁት ቅር ይለኛል፤ ዝቃጭ ማንደጃ ነው ቢሉት፣ በጎን የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ወጪውን በጥቂቱ ያግዛል ቢሉ እቀበላቸዋለሁ።

ሌላም ያረምኩት ነገር አለ። በመጀመሪያው ስላይዴ «አክስለሬተሩ ከጠፋ አደጋ የለም» ብዬ ነበር። ፉኩሺማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የሆነውን እናስታውስ። የመሬት መንቀጥቀጡ እንደደረሰ በሥራ ላይ የነበሩት ሪአክተሮች በትክክል ጠፍተው ነበር፤ ሰንሰለቱ ቆሟል። ያቀለጣቸው ከጠፉም በኋላ ከስንጥቅ ውጤቶቹ የሚወጣው ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት እንደጠፋ ወዲያው ከሙሉው ኃይል 6 ፐርሰንት ያህል ነው፤ እየቀነሰ ቢሄድም ለቀናትና ለወራት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ከ784 ሜጋ ዋት 6 ፐርሰንቱ 47 ሜጋ ዋት ነው። ለዚህ ሙቀት ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ሩቢያ ማሽኑን በቀለጠ እርሳስ ጋን ውስጥ አስጠልቆ፣ እርሳሱ ያለ ፓምፕ በራሱ እየሞቀ እየወጣ፣ እየቀዘቀዘ እየወረደ እንዲያቀዘቅዘው ያሰበው ይህን አውቆ ነው።

እስካሁን ምን ተሠርቷል የሚል ካለ፣ በቁራጭ በቁራጭ ብዙ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ስዊዘርላንድ ውስጥ ቀልጦ የሚዘዋወር የእርሳስና የቢስመዝ ድብልቅን ወደ 1 ሜጋ ዋት በሚጠጋ ጨረር ለአራት ወር ያህል መቱት፤ ቻለ። በ2009 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የፕሮቶን አክስለሬተርን ከጎዶሎ ሪአክተር ጋር አገናኙ፤ ኃይሉ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፣ መገናኘቱ ነው ቁም ነገሩ። ቤልጅየም ውስጥ ሞል በምትባል ከተማ ሚራ የተሰኘው ፕሮጀክት አለ፤ 600 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶን፣ እስከ 4 ሚሊ አምፔር። የቤልጅየም መንግሥት በ2018 ለዚህ 558 ሚሊዮን ዩሮ ለመስጠት ወስኗል። ቻይናም የራሷን እየገነባች ነው። ሁለቱ ተጋብተው ለከተማ መብራት የሰጡበት ቦታ ግን እስካሁን የለም። ሩቢያ ሐሳቡን ካነሳው ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ሴሚናሩ ደረሰ። ዝርዝሩን አላበዛባችሁም፤ አንዳንዶቻችሁ እዚያው ነበራችሁ። ስላይዱ ላይ 78ን አስቀምጬ ከጎኗ 8፣ ከሥሯ 3 ብዬ የት የት እንደጠፋ አሳየሁ። መጀመሪያ እኔም ተሳስቼ እንደነበር ተናገርኩ፤ ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ከዚያ አንድ መምህር እጃቸውን አነሡ፦ «አክስለሬተር ደጋግሞ እንደሚቋረጥ ታውቃለህ። ጨረሩ ለጥቂት ሰኮንዶች በተቋረጠ ቁጥር ሪአክተሩ ምን ይሆናል?»

ለዚህ ጥያቄ ከማንም የተሻልኩ ነበርኩ። ለሳይንቲስት ላቦራቶሪ አክስለሬተር መቋረጥ ብርቅ አይደለም፤ ያስነሱትና ይቀጥላሉ። ለሪአክተር ግን ጨረሩ ሲጠፋ ሙቀቱ በቅጽበት ይወድቃል፣ ሲመለስ በቅጽበት ይወጣል፤ ብረቱ ይኮማተራል፣ ይለጠጣል። ደጋግሞ ሲሆን ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው የሚራ ሰዎች ለራሳቸው ያስቀመጡት ገደብ ከ3 ሰኮንድ የሚረዝም መቋረጥ በሦስት ወር ውስጥ ከ10 እንዳይበልጥ የሚለው። «መቋረጡ ሳይሆን እንደገና መነሳቱ ነው የሚጎዳው» ብዬ ወፍጮውን ነገርኳቸው፤ ቺንጋውን፣ ከድንጋዩ ሥር የሚቀረውን እህል፣ የተቃጠለውን ሞተር። አዳራሹ ውስጥ ስለ ወፍጮ ለማውራት ማፈሬን ያወቅኩት ካወራሁ በኋላ ነው። መምህሩ አንገታቸውን ነቀነቁና ሌላ አልጠየቁኝም።

ቢ ፕላስ አገኘሁ። ስለ ወጪው ምንም አላልክም ተባልኩ፤ እውነት ነው፣ አላልኩም። ለረዳት መምህርነቱ የሚያስፈልገኝ ነጥብ ከእንግዲህ በሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ወድቋል።

ማታ ከዶርም ወጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። «8 ሆነ» አልኩት። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ገባውና «ከቆጣሪው?» አለኝ።

«ከቆጣሪው።»

«8 መች አነሰ» አለ። ከዚያ «መቋረጥስ አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለበት። ግን በሦስት ወር ከአሥር ጊዜ እንዳይበልጥ ነው የሚፈልጉት።»

ስልኩ ውስጥ ሳቁ ይሰማኛል። «በሦስት ወር?» አለ። «እኛ ጋ ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ነው።» ቺንጋውን ቀይሮ እንደነበር፣ አዲሱ እንደሚንሸራተት፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያው ትልቅ እንደሆነ ነገረኝ። ስለ አጎቴ አላነሳም። እኔም አላነሳሁ። ስንለያይ «ቺንጋው የሚንሸራተተው ለምን ይመስልሃል?» አለኝ፤ በመሃሉ ያለውን ርቀት በጣት እንዲለካልኝ ነገርኩትና ልኬቱን እስኪያመጣ ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩት።